ጾሙን ቻልኩት፤ ሌሊቱን ግን እንዴት ነው የሚችሉት? (የሺቫራትሪ ሌሊት በቪዛግ)

የቪዛጓ | የካቲት 20, 2017

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ረዘም ያለ ነው፤ ታገሡኝ።

ሕንድ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የምማረው ቪሻካፓትናም ነው። እኛ ቪዛግ የምንላት የባሕር ዳር ከተማ። አበሻ ተማሪ እዚህ ብዙ አለ። እኔ ግን ከአንዲት ባላቸው ከሞቱባቸው እናት ቤት ፎቁ ላይ ተከራይቼ ነው የምኖረው። «አማ» እላቸዋለሁ፤ በቴሉጉ እናት ማለት ነው።

ትናንት፣ ረቡዕ የካቲት 19፣ ማሃ ሺቫራትሪ ነበር። ትርጉሙ «ታላቁ የሺቫ ሌሊት» ነው፤ ሺቫ ከሂንዱ ታላላቅ አማልክት አንዱ ነው። ሌሎቹ የሂንዱ በዓላት በመብራት፣ በቀለምና በጣፋጭ ይደምቃሉ። ይሄኛው የጾምና የሌሊት በዓል ነው። ቀኑን ይጾማሉ፤ ሌሊቱን አይተኙም። ጾሙን «ኡፓቫሳም»፣ ነቅቶ ማደሩን «ጃጋራም» ይሉታል። ጊዜው በጨረቃ ነው የሚቆጠረው፤ ጨረቃዋ ልትጠፋ አንድ ቀን ሲቀራት። ስለዚህ ሌሊቱ ድቅድቅ ጨለማ ነው።

እኛ ደግሞ ሰኞ ዐቢይ ጾም ገብቶልን ሦስተኛ ቀናችን። አማ ይህን ያውቃሉ። ጠዋት ደረጃው ላይ አገኙኝና «አንቺም ጾመኛ፣ እኔም ጾመኛ። ዛሬ አብረን እንደር» አሉኝ። እሺ አልኩ።

ወጥ ቤት ስንገባ ነው ችግሩ የታየን። የኛ ጾም ወተትና ቅቤ አይነካም፤ እህሉ ግን እንደ ልብ ነው። የነሱ ግልባጩ ነው። ሩዝ የለም። ስንዴ የለም። ምስር የለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የለም። ወተት፣ እርጎ፣ ቅቤ ግን ይፈቀዳል። እሳቸው ወተት ቢያፈሉ እኔ አልጠጣም። እኔ ሩዝ ብቀቅል እሳቸው አይቀምሱም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብለን ቆጠርን፤ ሁለታችንም የምንበላው ምን ቀረ? ስኳር ድንች። ሙዝ። ፓፓያ። ኦቾሎኒ። የኮኮናት ውኃ። «ሳጉቢያም» የሚሉትም አለ፤ ከካሳቫ ሥር የሚሠራ፣ ነጭ ዶቃ የሚመስል። ሲበስል እንደ መስታወት ያሳያል። ሁልጊዜ በቅቤ ነው የሚያበስሉት፤ ለኔ ሲሉ በዘይት ሠሩት። ጨዉም ከድንጋይ የሚፈለጠው ነው። አሞሌ ትዝ አለኝ።

ያን ሳህን ፎቶ ላነሳው ፈልጌ አፈርኩ። የሁለት ሃይማኖት ጾም የሚገናኝበት ሳህን ያን ያህል ትንሽ ነው። ግን ጠገብን።

ማታ ሰፈር ውስጥ ወዳለች ትንሽ የሺቫ ቤተ መቅደስ ሄድን። እኔ ጫማዬን አውልቄ በረንዳው ላይ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ሌሊቱ ለአራት ይከፈላል። እያንዳንዱን «ጃሙ» ይሉታል፤ ሦስት ሦስት ሰዓት ነው። በኛ አቆጣጠር ሲሆን ደግሞ እንዴት እንደሚያምር! ከ12 እስከ 3፣ ከ3 እስከ 6፣ ከ6 እስከ 9፣ ከ9 እስከ ንጋት 12። በየጃሙው ሊንጋሙን ያጥቡታል። ሊንጋም የሺቫ ምልክት የሆነ ጥቁር ድንጋይ ነው። በመጀመሪያው በወተት፣ በሁለተኛው በእርጎ፣ በሦስተኛው በቅቤ፣ በአራተኛው በማር። ከዚያ «ማሬዱ» የሚባል ዛፍ ቅጠል ያኖሩበታል። ከአንድ ዘንግ ሦስት ቅጠል የሚወጣለት ነው። ካህናቱ «ሩድራም» የሚባለውን፣ ከጥንታዊ ቅዱስ መጽሐፋቸው ከቬዳ የተወሰደ ጸሎት ይደግማሉ፤ ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ አንድ ቦታ አይቆምም።

ልክ 6 ሰዓት ላይ ደወሉ አካባቢውን ሞላው። ያቺ ሰዓት ሺቫ መጨረሻ የሌለው የእሳት ዓምድ ሆኖ የታየባት ናት ይላሉ። ብራህማና ቪሽኑ የሚባሉት ሌሎቹ ታላላቅ አማልክት «ማን ይበልጣል» ብለው ተከራክረው ነበር። ቪሽኑ ከርከሮ ሆኖ ሥሩን ሊያገኝ መሬቱን ቆፈረ። ብራህማ ዝይ ሆኖ ጫፉን ሊያይ በረረ። ቪሽኑ አላገኘሁም አለ። ብራህማ ግን አገኘሁ ብሎ ዋሸ፤ አንዲት አበባም በሐሰት መሰከረችለት። እስከ ዛሬ ያቺ አበባ ለሺቫ አትቀርብም። አማ ይህን ሲነግሩኝ የአበባዋ ነገር አሳዝኗቸው ነበር።

እስከ 6 ሰዓት በደህና ቆየሁ። ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ ጣለኝ። ጭንቅላቴ ግድግዳው ላይ ሲጋጭ ነቃሁ። አጠገቤ ያሉት የሰባ ዓመት ሴቶች ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል! ጠዋት ባሕር ዳር ሄደን ሰዉ ሲታጠብ አየሁ። አማ ወደ ቤት ተመልሰው፣ ታጥበው፣ ከዚያ ነው ሩዝ የቀመሱት።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ረሃቡን ለምደነዋል፤ አገራችን የጾም አገር ነው። ሌሊቱን እንዴት ነው የምትችሉት? ማኅሌት የምትቆሙ፣ ሌላም ቦታ ነቅታችሁ የምታድሩ፣ እስቲ ንገሩኝ። ሕንድ ቤት የሠራችሁም ካላችሁ።

የጉለሌው | የካቲት 20

እህቴ፣ አንድ ነገር ገለጥሽልኝ። ሕንዳዊ ጎረቤት አለኝ፤ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው። አንድ ቀን ጾም ነኝ አለኝ። ደስ ብሎኝ ሽሮ በእንጀራ ይዤለት ሄድኩ። አልበላም አለ። «የጾም ነው እኮ፣ ቅቤ የለውም» ብዬ ብምል ብገዘት አልሆነም። ቅር ብሎኝ ተመለስኩ። ለካ ሽሮው ውስጥ ሽንኩርቱም፣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ አተሩም አለ! ጤፉስ ግን? ጤፍን አያውቁትም እኮ።

የቪዛጓ | የካቲት 20

ጤፍም እህል ስለሆነ ያው ነው ወንድሜ። ሁሉም ጾማቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በየቤቱና በየክልሉ ይለያያል፤ ውኃ እንኳ የማይቀምሱ አሉ። የአማ ጎረቤት እንደዚያ ናቸው። በሚቀጥለው ጊዜ የተቀቀለ ስኳር ድንችና ሙዝ ውሰድለት። እርጎ ካለህም ጨምርለት። አይመልስህም።

አማ ደግሞ ያሉኝን ልንገርህ። «ኡፓቫሳም» የሚለው ቃል ሲተረጎም «አጠገብ መቀመጥ» ነው። ስለ ሆድ ምንም አይልም። ሆድ የሚቀለው ሌሊቱን አጠገቡ ለመቀመጥ ነው ብለውኛል።

ሰሊና ከዱባይ | የካቲት 20

እኔ ልንገርሽ። ሰባት ዓመት ሕንዶች ቤት ሠርቻለሁ። ማዳም የጉጅራት ሰው ነበረች። የመጀመሪያው ዓመት ሺቫራትሪ ምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። የሳጎ ምግቡን፣ ያንቺን ሳጉቢያም ማለቴ ነው፣ ሥሪ ተባልኩ። ሠራሁ። እንደ ማንኛውም አበሻ ጨዉን ልይ ብዬ በማንኪያ ቀመስኩ። ማዳም አየችኝ። ጮኸች። ድስቱን እንዳለ ደፋችው። እኔ የሰረቅኩ ነው የመሰለኝ። አለቀስኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ለአምላክ የሚቀርብ ምግብ ከመቅረቡ በፊት እንደማይቀመስ የገባኝ። የተቀመሰውን «ጁጣ» ይሉታል፤ የተነካካ ማለት ነው። ዛሬ ጨው በሽታ ነው የማውቀው። እውነቴን ነው፣ እንፋሎቱ ይነግረኛል።

ሌሊቱን በተመለከተ ግን ሌላ ነገር ነው የማስታውሰው። ማታ ቡር ዱባይ ክሪኩ አጠገብ፣ ጠባቡ መንገድ ውስጥ ወዳለው ቤተ መቅደስ ወሰዱኝ። ያኔ እዚያ ነበር፤ አሁን ወደ ጀበል አሊ ተዛውሯል። ሰልፉ ረጅም ነው። ሁሉም ወተት ይዟል። እኔ ውጪ ሕፃኑን አቅፌ፣ ጫማቸውን እየጠበቅኩ ቆሜ ነበር። ቤት ስንመለስ እንግዶች መጡ። እስኪነጋ መዝሙር ዘመሩ። ሻይ የማፈላው እኔ ነኝ። ነጋ። እነሱ በልተው ተኙ። እኔ ልጆቹን ለትምህርት ቤት አዘጋጀሁ፣ ቤቱን አጸዳሁ፣ ምሳ ሠራሁ።

እንዴት ነው የሚችሉት ላልሽው መልሴ ይሄ ነው። ሥራ ካለሽ ትችያለሽ። ግን የኔን ሌሊት የቆጠረልኝ ሰው አልነበረም።

ደጀ ሰላም | የካቲት 20

እህታችን የቪዛጓ፣ በቅንነት ስለጻፍሽ በቅንነት ልመልስልሽ። መጀመሪያ ያሳሰበኝን ልናገር። ጎረቤትን ማክበር መልካም ነው። ግን ዘወረደ ሳምንት ላይ ሆነሽ የሌላ አምልኮ ሥርዓት ውስጥ ማደር ለሕሊናሽ አይከብድም? ከቀረበው ቀምሰሽ ከሆነ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ለመፍረድ አይደለም፤ ለራስሽ ሰላም ብዬ ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ከልጅነቴ ጀምሮ ማኅሌት ቆሜያለሁ። ዝም ብሎ የቆመ ሰው ይወድቃል። ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ግራና ቀኝ ተከፍለን ነው የምንቆመው። አንዱ ወገን ሲል ሌላው ይቀበላል። ተራህ እስኪደርስ ጆሮህን ትጥላለህ፤ ተራህ ሲደርስ ድምፅህን ታወጣለህ። መቋሚያው አለ፣ ሽብሸባው አለ። አሁን በጾሙ ከበሮና ጸናጽል ዐርፈዋል፤ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ብቻ ነው። እሱ ከበድ ይላል። እንቅልፍ የሚመጣው ብቻህን ነኝ ስትል ነው። ተቀባይ ካለህ አይመጣም። ከባዱ ሰዓት ደግሞ ከ8 እስከ 10 ነው። ከዚያ ዶሮ ሲጮህ ነፍስ ይዘራል።

የቪዛጓ | የካቲት 21

ወንድሜ፣ ስላሰብክልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከቀረበው አልቀመስኩም። አማ ራሳቸው «አንቺ አትወስጂም፣ አውቃለሁ» ብለው ለሚያድሉት ሰው ነገሩልኝ። ግንባሬም ላይ አመድ አልተቀባሁም። የተቀመጥኩት ለብቻቸው ስለሆኑ ነው። ልጃቸው ሲኒማ ቤት ነበር። እዚህ በሺቫራትሪ ሌሊት ሲኒማ ቤቶች እስኪነጋ ፊልም ያሳያሉ፤ ወጣቱ ጃጋራሙን እዚያ ያድራል። አማ ይህ አይዋጥላቸውም። ሴቶቹም አንዳንዶቹ በረንዳው ላይ እባብና መሰላል ይጫወቱ ነበር፤ እሱን ግን አይቃወሙም፣ የድሮ ልማድ ነው ይላሉ። የኔን ነገር ለንስሐ አባቴም እነግራቸዋለሁ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። መሄዴን ግን አልጸጸትበትም።

ሰሊናዬ፣ ያንቺን ሦስቴ አነበብኩት። አንድ ታሪክ ልንገርሽ። አማ በ9 ሰዓት እኔ ስንገላጅ የነገሩኝ ነው፤ ሺቫ ፑራና ከሚባለው የሺቫ ታሪኮች መጽሐፍ ነው።

አንድ አዳኝ ነበር። ልጆቹ ርቧቸው ጫካ ገባ። ምንም ሳይቀናው መሸ። እህል አልቀመሰም፤ ሳያስበው ጾመ። ኩሬ ዳር ካለ የማሬዱ ዛፍ ላይ ወጣ። የሚጠጣው ውኃ ይዟል። በመጀመሪያው ጃሙ አንዲት ሚዳቋ መጣች። ቀስቱን ሲስብ ዛፉ ተነቃነቀ፤ ቅጠልና ውኃ ወደ ታች ጠብ አለ። ከሥሩ ሊንጋም እንዳለ አላየም። ሚዳቋዋ «ልጆቼን አደራ ሰጥቼ ልመለስ» አለችው። ለቀቃት። በሁለተኛው ጃሙ እህቷ ፍለጋ መጣች። በሦስተኛው ወንዱ። ሁሉም ያንኑ ለመኑት። ሁሉንም ለቀቀ። ቀስቱን በሳበ ቁጥር ቅጠልና ውኃ ይወርዳል። ሊነጋ ሲል ሁሉም በቃላቸው ተመለሱ፤ ልጆቻቸውንም አስከትለው። አዳኙ ቀስቱን አወረደ።

ጸሎት አላወቀም። ቀኑ ምን ቀን እንደሆነም አላወቀም። ሌሊቱ ግን ተቆጠረለት። አማ ሌሊቱን ሁሉ የሚያድሩት ይቺን ታሪክ ብለው ይመስለኛል።

ጡረተኛው መምህር | የካቲት 21

ልጆቼ፣ ጥሩ ነገር ነው የምታወሩት። በ1950ዎቹ ጎንደር ስማር ሒሳብ ያስተማሩን ከኬረላ የመጡ መምህር ነበሩ። በዚያ ዘመን ብዙ የሕንድ መምህራን ነበሩን፤ ከኬረላ የመጡት አብዛኞቹ ክርስቲያኖች ናቸው። የኛም መምህር ክርስቲያን ነበሩ። የተወለዱት አልዋ የምትባል ከተማ አጠገብ ነው። ስለ ሂንዱ ጎረቤቶቻቸው ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራ ነበር።

በሺቫራትሪ ሌሊት ሰዉ በፔሪያር ወንዝ መሐል ወዳለው ሰፊ አሸዋ ይወርዳል። እዚያው ያድራል። ሲነጋ ወንዙ ውስጥ ይታጠብና ለሞቱ ወላጆቹ የሩዝ ድብልብል ያቀርባል። እሳቸው ልጅ ሆነው ከወንዙ ማዶ ፋኖሱን ይቆጥሩ ነበር። «እናንተ ተዝካር ትሉታላችሁ አይደል?» ብለው የጠየቁን ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ያኔ ክፍሉ ሁሉ ዝም አለ። ከመካከላችን አንዱ አባቱን በዚያው ወር የቀበረ ነበር።

እንቅልፍን በተመለከተ፦ እኔ ሬሳ ስጠብቅ ያደርኩባቸውን ሌሊቶች ነው የማስታውሰው። አንድም ቀን አላንቀላፋሁም።

ነርሷ | የካቲት 21

በአጭሩ፦ ስኳር ያለበት ሰው፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወጋ፣ ሐኪሙን ሳያማክር እንዲህ ያለ ጾም አይጀምር። ነፍሰ ጡርም እንደዚሁ። ጾሙና እንቅልፍ ማጣቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ይከብዳል። በማግስቱ መኪና አትንዱ። ይሄ ለኛም የትንሣኤ ሌሊት ይሠራል።

የቪዛጓ | የካቲት 21

እናመሰግናለን እህት። የአማ አማት ስኳር አለባቸው። እሳቸው እንደወትሮው በልተው ነው ያደሩት። ማንም ቅር አላለውም።

ሐያት ከደሴ | የካቲት 21

ዛሬ ማታ ጨረቃ ከታየ ነገ ረመዳናችን ነው፣ ኢንሻአላህ። ስለዚህ ይቺ ወሬ ወቅቷ ናት። እኛ ሌሊቱ የሚጠነክረው መጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ላይ ነው። ለይለቱል ቀድርን ስንፈልግ እናድራለን። እናቴ ሁልጊዜ አንድ ነገር ታደርጋለች። እኛን ልጆቿን ተራ በተራ ቡና እንድናፈላ ታዝዛለች። ቡናው ለሷ አይደለም፤ ለኛ ነው። የሚያፈላ ሰው አይተኛም። ሰሊና እንዳለችው።

ሰሊና፣ የጫማዋ ነገር አንጀቴን በላው።

ታሪክ ወዳድ | የካቲት 22

ሺቫራትሪ ላይ ነቅቶ በማደር ሕይወቱ የተለወጠ አንድ ሰው አለ። ዳያናንዳ ሳራስዋቲ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1824 ጉጅራት ውስጥ ነው የተወለደው። በ14 ዓመቱ አባቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ እንዲያድር ቤተ መቅደስ ወሰደው። ሌሊቱ ሲገፋ ካህናቱ ተኙ። አባቱም ተኛ። ልጁ ብቻ ነቅቶ ቀረ። አይጦች ወጥተው ለሺቫ የቀረበውን ሲበሉና ምስሉ ላይ ሲሯሯጡ አየ። «ይህ ራሱን ከአይጥ የማይጠብቅ እንዴት ዓለምን ይጠብቃል?» የሚል ጥያቄ ገባው። አባቱን ቀስቅሶ ጠየቀው። መልሱ አላረካውም። ወደ ቤት ሄዶ ጾሙን ፈታ። ሲያድግ መንኖ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1875 ቦምቤይ ውስጥ አርያ ሳማጅ የሚባለውን ማኅበር መሠረተ። ማኅበሩ ወደ ቬዳ እንመለስ፣ ለምስል አንስገድ ይላል። ዛሬም አለ።

እኔን የሚገርመኝ የአይጦቹ ነገር አይደለም። ትእዛዙን እስከ መጨረሻ የፈጸመው እሱ ብቻ መሆኑ ነው። ንቃ ተባለ፣ ነቃ፣ አየ።

ደጀ ሰላም | የካቲት 22

ይህን አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ።

የቪዛጓ | የካቲት 23

ዛሬ እሑድ ስለሆነ ለአማ ሁሉንም እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ትርጉሜ ጥሩ አይደለም፤ ቴሉጉዬ ገና ነው፣ ግማሹን በእጄ ነው የማስረዳው። የጡረተኛው መምህርን አሸዋ ወደዱት። ጋሼ፣ «እኛም ጎዳቫሪ ወንዝ ዳር እንደዚያ ነበርን» ብለው እንድነግርዎ አዘውኛል። የዳያናንዳን ታሪክ ከኔ የበለጠ ያውቁታል። በእሱ አልተስማሙም፤ ግን «ልጁ አልተኛም» ብለው ፈገግ አሉ።

የሚመጣው ዓመት ሺቫራትሪ እሑድ የካቲት 8, 2018 ላይ ነው። የቅበላ የመጨረሻ ቀን ማለት ነው፤ ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። ስለዚህ ወተቱን አብሬያቸው እጠጣለሁ። አማ ከአሁኑ ደስ ብሏቸዋል።

የሰሊናን ስነግራቸው ግን ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ታዲያ ያቺ ልጅ ከዚያ በኋላ መቼ ተኛች?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ሰሊና ከዱባይ | የካቲት 23

ያን ቀን እስከ ማታ 4 ሰዓት አልተኛሁም። አሁን ግን ሌላ ቤት ነኝ፤ እሑድ እሑድ ዕረፍት ይሰጡኛል። ዛሬ እስከ ቀትር ተኝቼ ነው የነቃሁት ብለሽ ንገሪልኝ።